የእትዬ ትኩስ ሳንድዊች

እትዬ ትኩስ ከሥራዋ የተሰናበተችው ሐሙስ ቀን፣ የምሳው ሰልፍ ከሳንድዊች ቤቱ በር ወጥቶ አስፋልቱን በነካበት ሰዓት ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር። ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳንድዊቹን ከጋለው ብረት ላይ እያነሳች «ትኩስ! ትኩስ!» ስትል የኖረች ሴት ሌላ ስም አይጸናላትም። ደንበኛውም፣ ዳቦ አቅራቢውም፣ የገዛ እህቷም ሳይቀሩ ትኩስ አሏት።

ያሰናበታት የቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። አባቱ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም። እሱ ተምሮ፣ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ መጣና ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ከእንግዲህ አሠራራችን ዘመናዊ ነው» አለ። በዚያው ቀን «ዘመናዊው» የሚል ስም ወጣለት፤ ያወጣችለትም ራሷ ትኩስ ናት። ዘመናዊው የአባቱን ወፍራም የብረት መጥበሻ አስነቅሎ ለብረት ገዢ ሸጠና በቦታው ስድስት ጥቋቁር ኤር ፍራየሮች፣ በጋለ ነፋስ የሚጠብሱ ማሽኖች፣ ደረደረ። ትኩስ ማሽኖቹን ዞር ዞር ብላ አይታ «እነዚህ ደግሞ ምን የሚሏቸው ባልዲዎች ናቸው?» ብላ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ሐሙስ ዕለት ካርቶን አቅፎ ከቢሮው ወጣ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«እርስዎ ብዙ ደክመዋል» አላት።

ትኩስ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የኖረ ልጅ ድንገት «እርስዎ» ካለ ያከበራት መስሎ በር እየዘጋባት ነው።

«እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አለ ቀጥሎ። «አንዱ ሳንድዊች ያራል፣ አንዱ ይበርዳል። ማሽን ደግሞ አይደክመውም፣ አይንቀጠቀጥም። አሁን ቤትዎ ገብተው ይረፉ። ይኸው፣ ከስድስቱ አንዱ ስጦታዎ ነው። ቤትዎ ቁጭ ብለው በነፋስ ይጥበሱ!»

ብሎ ሳቀ። እሱ ይሳቅ ግድ የለም፤ ሰልፉ ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያበላችው ሰልፍ፣ ማን ሰናፍጭ እንደሚጠላ፣ ማን ጥርሱን እንደሚያመው በቃሏ የምታውቀው ሰልፍ ሳቀባት። ትኩስ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ካርቶኑን በሁለት እጇ አቅፋ ስትወጣ ከበሩ በላይ አዲስ የተሰቀለውን ሰሌዳ አየች። የሽማግሌው የአባቱ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ በቀይ ቀለም «የአባቴ ሳንድዊች፤ ከአባት ለልጅ የወረደ ምስጢር» ይላል።

እዚህ ላይ ነው ደሟ የፈላው። ሽማግሌው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ይሸጡ የነበረው ቀዝቃዛ ሥጋ በቀዝቃዛ ዳቦ ነበር። በጨው ውሃ ዐሥር ቀን የከረመውን የበሬ ሥጋ ቀቅላ፣ በስሱ ቆርጣ፣ ከኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና ከቺዝ ጋር በጥቁር ዳቦ መሐል አስገብታ፣ ማዮኔዝና ካቻፕ ከተከተፈ ኪያር ጋር ቀላቅላ ቀብታ፣ በቅቤ ያገላበጠችው እሷ ናት። ሽማግሌው መጀመሪያ የቀመሱ ቀን «ልጄ፣ ይህ ሳንድዊች አንቺ ነሽ» ብለው ነበር። አሁን ያ ሳንድዊች አባት አገኘ፣ ልጅ አገኘ፤ እናቱ ግን ካርቶን አቅፋ መንገድ ተሻገረች።

ትኩስ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ጉልበቷን ስለሚያማት ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ብዙ አትነሳም፤ ምላሷ ግን ለሁለት ሰው ይሮጣል። ነገሩን ሰምታ ስታበቃ «አልቅሺ» አላት።

«አላለቅስም፣ እታለም።»

«እንግዲያውስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እሱን እንደ ዳቦው ነው የማገላብጠው። በሁለቱም በኩል!»

እህትየው በጣም ደስ አላት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ጎሽ! በይ ካርቶኑን ክፈቺው።»

ካርቶኑ ግን ሳይከፈት ሳምንት ከበሩ ኋላ ቆመ። ትኩስ ባለፈች ቁጥር በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። በመጨረሻ እህትየው ሰለቻትና «ሰውየው የተማመነው በዚህ ነገር አይደለም እንዴ? ጠላትሽን ከነመሣሪያው እወቂው እንጂ!» አለቻት። ትኩስ ያን ዕለት ማሽኑን አወጣች።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። በብረት መጥበሻ እንደለመደችው ሠርታ ከተተችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የጭስ ሽታ መጣ። ስትከፍተው ውስጡ ያለው ነፋስ የላይኛውን ዳቦ አንስቶ ከጋለው ሽቦ ጋር አጣብቆታል። ሥጋው ራቁቱን ቀርቷል፣ ጎመኑ ውሃውን ለቆ የታችኛውን ዳቦ ገንፎ አድርጎታል፣ ቺዙ በቅርጫቱ ቀዳዳ ወርዶ ከሥር ተጋግሯል።

«ይህ ሳንድዊች አይደለም፣ የመኪና አደጋ ነው» አለች እህቷ።

ትኩስ ግን እልኸኛ ናት። በነጋታውም፣ በሠልስቱም ሠራች። ጎመኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ ጠመዘዘችው። ቺዙን መሐል ከማድረግ ይልቅ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ፣ ዳቦውን እንዲጠብቅላት አደረገችው። ከሁሉ ያስቸገራት ነፋሱ ነበር። አንድ ቀን እህቷ ጥርሷን በስቴኪኒ ስትጎረጉር አየቻትና ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ሁለት ስቴኪኒ በሁለቱ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ሰካች። ማሽኑን አስቀድማ አሙቃ፣ በመቶ ሰማንያ ዲግሪ፣ አራት ደቂቃ፤ አገላብጣ ሌላ አራት ደቂቃ። ስታወጣው ዳቦው በጥፍር ሲነካ ይንኳኳል፣ ቺዙ ከዳር ብቻ ፈገግ ብሏል፣ መሐሉ ይፋጃል። ሁለቱ እህቶች ለሁለት ቆርጠው በሉ።

«ከብረቱ ይበልጣል» አለች ትልቋ፣ አፏን እየጠረገች።

«ይበልጣል» አለች ትኩስ፤ አልተደሰተችም። ዘመናዊው ስለ ማሽኑ ልክ መሆኑ ከስድቡ ባልተናነሰ አናደዳት።

በሳንድዊች ቤቱ በኩል ግን ወሬው ጥሩ አልነበረም። ዳቦ አቅራቢው ጧት ጧት በሯ ላይ እየቆመ ይነግራት ነበር። ከእሷ በኋላ የተቀጠረው ወጣት ሠሪ በወሩ ሄደ። አሁን የመጣችው ልብስ ሰፊ የነበረች፣ ትሰፋበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራ ያጣች የሁለት ልጆች እናት ናት። ዳቦው እንዳይበር ላዩ ላይ ከባድ የሽቦ ክዳን ይጭኑበታል፤ ሳንድዊቹም ተጨፍልቆ፣ ላዩ ሳይጠበስ ይወጣል። ሰልፉ ከበሩ ውጪ መድረሱን ትቷል። ትኩስ ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የቆመችው አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ በጣቷ ላይ የቀድሞ ሙያዋ የመርፌ ምልክት አለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያውቁኝም» አለች። «እርስዎ በነበሩበት ቦታ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ትኩስ አስገባቻት። ወንበር ሰጠቻት። ሴትየዋ ጉዳይዋን ዘረዘረች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የየዕለት ምሳ የሚያቀርብለት ቤት እያፈላለገ ነው። የምግብ ኃላፊዋ ነገ በምሳ ሰዓት መጥታ ሳንድዊቹን ትቀምሳለች። ዘመናዊው «ከተበላሸ ነገውኑ ቦታሽን ለሌላ ትለቂያለሽ» ብሏታል።

«እሱ እንደመጣሁ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይገድለኛል። ሰው ሁሉ የእርስዎን እጅ ያነሳል። እባክዎ፣ አንድ ሁለት ነገር ቢነግሩኝ።»

ትኩስ የሰማችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ነገ» እና «ኃላፊዋ»። ስድስት ሳምንት በሐሳቧ ስትመላለስበት የነበረው በር በራሱ ጊዜ ተከፍቶ እቤቷ ድረስ መጣላት። ኤር ፍራየሩ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጦ ሳለ «ማሽኑን ጎረቤት ወስዶብኛል እንጂ ባሳየሁሽ ነበር፤ በቃል ልንገርሽ፣ ጻፊ» አለቻት።

ሴትየዋ ከቦርሳዋ የልብስ ንድፍ የተሠራበት ወረቀት አውጥታ በጀርባው ጻፈች።

«ጎመኑን እንዳትጨምቂው፤ ጣዕሙ ያለው ውሃው ላይ ነው። ቺዙን እጥፍ አድርገሽ መሐል ላይ ብቻ። ሙቀቱን ሁለት መቶ አድርጊው። ያንን የሽቦ ክዳን ደግሞ ወርውሪው! ዳቦ መተንፈስ አለበት።»

«መተንፈስ…» እያለች ሴትየዋ ጻፈች። ስትወጣ የትኩስን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውለታዎን አልረሳም» አለች።

በሩ ሲዘጋ እህትየው ከመስኮቱ ሥር ቀና ብላ አየቻት። «ያቺ ሴት ምን አደረገችሽ?» አለች።

«እሷን አይደለም የምመታው። እሱን ነው።»

«እሱን ለመምታት በእሷ ውስጥ ነው የምታልፊው?»

«እታለም፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ‹ጎሽ› ስትይኝ የከረምሽው?»

ትልቋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግስቱ ትኩስ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። የራሷን ድል በዓይኗ ካላየች የማታምን ሰው ናት። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብታ ጥግ ላይ ያለ ጠረጴዛ ያዘች። ዘመናዊው አያት፤ ግን ጊዜ አልነበረውም። የምግብ ኃላፊዋ፣ መነጽር ያደረገች ረጅም ሴት፣ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ዘመናዊው በዙሪያዋ እየተሽከረከረ «ምስጢሩ የአባቴ ነው፣ ከአባቴ አያት ጀምሮ ነው» ይላል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ትውልድ የነበረው በአንድ ቀን አራት ትውልድ ሆነ።

ከባንኮኒው ኋላ አምስቱ ማሽኖች በአንድ ላይ ጮኹ። ቀጥሎ ጭስ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ቆይቶ ወፍራም። ልብስ ሰፊዋ አንዱን ቅርጫት ስትስብ ዳቦው ሽቦው ላይ ተጣብቆ ይነድዳል። ሁለተኛውንም ሳበች፤ እንደዚያው። ሦስተኛው ውስጥ ዳቦው ሳይበር ቀርቷል፤ ግን ጎመኑ ያጥለቀለቀው ሥጋ ስታነሳው ተፈርክሶ ኃላፊዋ ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ተደፋ። አንዱን ደንበኛ አሳለው። ሌላው መስኮት ከፈተ። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ትኩስ ጥግ ላይ ሆና ልቧ እስኪሞላ ጠጣችው። የዘመናዊው ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ፤ የተቀባው ጸጉሩ ተነስቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር በሕይወቷ አልቀመሰችም። ጣፋጭነቱ ግን ብዙ አልቆየም።

ዘመናዊው ወደ ባንኮኒው ዞረና ሰው ሁሉ እየሰማ «እጅሽ ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው? ማሽን እንኳ አንቺን አልቻለሽም!» አለ። ልብስ ሰፊዋ ያንን ወረቀት እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። «እንደተነገረኝ ነው ያደረግሁት» አለች። «ማን ነገረሽ?» አላት። ሴትየዋ ቀና ስትል ዓይኗ በቀጥታ ከትኩስ ዓይን ጋር ተገናኘ። ግን ስሟን አልተናገረችም። «ሽርጡን ፍቺና ውጪ!» አላት ዘመናዊው። ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ።

ትኩስ መቼ እንደተነሳች አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«የነገርኳት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው። አንተን ላዋርድ ብዬ እሷን አሳሳትኳት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

«አያችሁ?» አለ ዘመናዊው ወደ ኃላፊዋ ዞሮ፤ ድንገት ነፍስ ዘራ። «በቅናት ነው! የአባቴን ምስጢር—»

«ዝም በል፣ አንተ ልጅ! አባትህ የሚሸጡት ቀዝቃዛ ሥጋ ነበር። እኔ ስመጣ ነው እሳት ያየው። ምስጢር አልክ? እሺ፣ ዛሬ ምስጢር አይኖርህም።» ወደ ሰልፉ ዞረች። «ቤታችሁ ይህ ማሽን ያላችሁ ሁሉ ስሙ! ስልክ ያለውም ይቅረጽ!»

ከባንኮኒው ኋላ ገባች። ዘመናዊው እጁን ሊዘረጋ ሲል ኃላፊዋ «ይተዉአት፣ ማየት እፈልጋለሁ» አለች፤ እሱም ባለበት ቀረ። ትኩስ ግን ራሷ ምንም አልነካችም። ልብስ ሰፊዋን «ሥሪ» አለቻት፤ ሴትየዋ ፊቷ እንደ ድንጋይ ሆኖ ሠራች። ትኩስ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ሴትየዋ ታደርጋለች። ጎመኑን በጨርቅ ጠቀለለችና ጠመዘዘችው፤ ውሃው እንደ ቧንቧ ወረደ። ዳቦውን በውጪ በኩል ቅቤ፣ በውስጥ በኩል ማዮኔዙን ቀባችው። ቺዝ ከታች፣ ሥጋ፣ ጎመን፣ እንደገና ሥጋ፣ ቺዝ ከላይ። ስቴኪኒውን ስትሰካ የልብስ ሰፊነቷ ታወቀ፤ እንደ ስፌት መርፌ ቀጥ አድርጋ በአንድ ምት አሳለፈችው። መቶ ሰማንያ። አራት ደቂቃ። ግልበጣ። አራት ደቂቃ። በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ማንም ከቤቱ አልወጣም። ሃያ ስልክ ከፍ ብሎ ተይዟል።

ቢላዋው ሲያርፍበት ዳቦው ተንኮሻኮሸ። ኃላፊዋ ግማሹን በላች፤ ቆይታ ሌላውንም ግማሽ በላች። ዘመናዊው በአንድ እጁ ወንበር ተደግፎ ስቴኪኒዎቹን ያያል። ትኩስ የጠበቀችው ይህንን ፊት ነበር፤ አየችው፣ ጠገበችውም።

ኃላፊዋ ጣቷን ጠርጋ ተነሳች። «ከዚህ ቤት ምግብ አልወስድም» አለች ለዘመናዊው። ቀጥላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ «የራሳችን ወጥ ቤት አለን፤ ሰው ነው ያጣነው። ሰኞ ጧት ትመጫለሽ?» አለቻት። ትኩስም ተስፋ አድርጋ ጠጋ ስትል ኃላፊዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እርስዎ ሙያ አለዎት፣ አይካድም። ግን ሆን ብሎ ምግብ የሚያበላሽ ሰው ወጥ ቤቴ አላስገባም።»

ይህንን ትኩስ አልጠበቀችውም። ግን እውነት ነው።

ውጪ አስፋልቱ ዳር ልብስ ሰፊዋን ሮጣ ደረሰችባት። «የእኔ እመቤት፣ ይቅር በይኝ።»

ሴትየዋ ቆመች። «እትዬ፣ እሱ እንደ ማሽን ቆጠረኝ፤ እርስዎ እንደ ቢላዋ። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልገባኝም። ትናንት እጅዎን ስሜ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።» ይህን ብላ መንገዱን ተሻገረች።

ትኩስ ቤቷ ገብታ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ የመጨረሻውን ሳይቀር። ትልቋ «ደግ አደረገችሽ» አለች። እሷም ያን ሰሞን ፈገግታ አላበዛችም።

ቪዲዮው በሰፈሩ ተዛመተ። ኤር ፍራየር ያለው ቤት ሁሉ ስቴኪኒ ገዛ። በዘመናዊው ቤት ሰልፍ የሚባል ነገር ቀረ፤ የአባቱን ፎቶ አውርዶ ለጥቂት ጊዜ ጭማቂና ኬክ ሸጠ፤ ከዚያ ቦታውን ለመነጽር ሻጭ አከራየ። ትኩስ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ መነጽሮቹን ታይ ነበር፤ ለመግዛት ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ ራሷ መጣች። አልተቀመጠችም። «አራት መቶ ሰው ነው የማበላው። ሥጋውን በጨው ማክረም አልቻልኩበትም፤ አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ጨው ይሆናል። ኃላፊዋን አስፈቅጃለሁ፤ ዋስትናዎ እኔ ነኝ። ነገር ግን እዚያ አለቃዋ እኔ ነኝ። ጎመን ጭመቂ ካልኩ ጎመን መጭመቅ ነው።»

«እጨምቃለሁ» አለች ትኩስ።

ጨመቀችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጎመን ሌላ አላስነካቻትም፤ ትኩስም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በሦስተኛው ሳምንት ሥጋውን ሰጠቻት። በአራተኛው ሁለቱ ስለ ቅቤው መጠን ሲጨቃጨቁ ኃላፊዋ በበሩ ብቅ አለችና ፈገግ ብላ ተመለሰች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትኩስ እያደለች ሳለ ሰልፉ ውስጥ ዘመናዊውን አየችው። እዚያው መሥሪያ ቤት ዕቃ ግዢ ክፍል ተቀጥሮ ነበር። ጸጉሩ ቅባት የለውም። ሳህኑን ይዞ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ… እኔ በዚያን ቀን…»

ትኩስ ሳንድዊቹን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ ትልቁንም ትንሹንም አልመረጠችለትም፣ ተራው የደረሰውን ነው።

«ቀጥል፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል» አለችው።

ማታ እራት ላይ ለእህቷ ነገረቻት። ትልቋ ጉልበቷን እያሸች «ታዲያ ይቅር አልሽው?» ብላ ጠየቀች።

«አበላሁት» አለች ትኩስ።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«ሰምቼሻለሁ፣ እታለም። ዛሬ አበላሁት። ሌላውን አስብበታለሁ።»